ሜዳዩ ስም የለውም፤ ስሙ ያለው እናንተ ዘንድ ነው

በዱርቤቴ ለሕዝብ የቀረበ የታሪክ ትምህርት



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጦር ሜዳይ ነው። ሜዳይ ለምን እንደሚሰጥ፣ አንድ ሰው በእጁ ይዞ ሲመረምረው ምን ሊያነብበት እንደሚችል፣ በቤታችን ያለውንስ እንዴት ልንይዘው እንደሚገባ እንነጋገራለን። ጉዳዩን እዚህ አቸፈር ላይ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዳንግላ እስከ ሜጫ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው አገር በጣሊያን ወረራ ጊዜ የነበረው የአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን በየመንደሩ ያለፈበት ነው። ዛሬም በሣጥን ሥር፣ በሙዳይ ውስጥ፣ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ የኖረ የአያት ወይም የቅድመ አያት ሜዳይ ያላችሁ ቤተሰቦች ትኖራላችሁ። ልጆች ሲጠየቁ «የአባባ ነው» ይላሉ። አባባ በየትኛው ውጊያ እንደዋሉ፣ በማን ሥር እንደዘመቱ፣ ሜዳዩን ማን እንዳጠለቀላቸው ሲጠየቁ ግን መልሱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እያጠረ መጥቷል።

ፍሬ ነገሬን ከመጀመሪያው ልናገር። ሜዳይ ብቻውን ቁራጭ ብረት ነው። ዋጋ የሚኖረው የተቀባዩ ስምና ሥራው አብረውት ሲኖሩ ነው። ስለዚህ ሜዳይ መሰብሰብ የሚፈልግም ሆነ ከአያቱ የወረሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠብቀው የሚገባው ታሪኩን ነው። ብረቱ ሣጥን ውስጥ መቶ ዓመት ይቆያል፤ ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌ ግን አይቆዩም።

ከሜዳይ በፊት የነበረው ሽልማት

ጀግናን መሸለም በአገራችን ከሜዳይ በብዙ ዘመን ይቀድማል። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው በጌታው ፊት ቆሞ ይፎክር ነበር። በፉከራው የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ምን እንደፈጸመ ይናገራል። አብረውት የዋሉት ቆመው ይሰሙታል፤ የሰሙትን ማጽደቅም ማስተባበልም ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ለምዱ፣ ካባው፣ በብር ያጌጠው ጋሻ፣ ጎራዴው፣ በቅሎው ይመጣል። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን በራሱ ላይ ያደርጋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሽልማቱ የሚመጣው ከቃሉና ከምስክሩ በኋላ ነው። ቃልና ምስክር የሌለው ሽልማት በአባቶቻችን ዘንድ አይታወቅም ነበር።

በደረት ላይ የሚንጠለጠለው ኒሻን የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የሰሎሞን ማኅተም ኒሻን ተመሠረተ። ዳግማዊ ምኒልክ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻንን አቋቋሙ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የንግሥተ ሳባና የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻኖች ተጨመሩ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት ወቅት የሥላሴን ኒሻን መሠረቱ። ከእነዚህ ኒሻኖችና ሜዳዮች ብዙዎቹን አዲስ አበባ ይኖር የነበረው አርመናዊው ጌጣጌጥ ሠሪ ሴቫጂያን ሠርቷቸዋል፤ ከ1933ቱ ድል በኋላ ደግሞ የለንደኑ ማፒን ኤንድ ዌብ የተባለው ቤት ሠርቷል። በጀርባቸው ወይም በማስቀመጫ ሣጥናቸው ላይ የሠሪው ስም ያለባቸው ይገኛሉ። ስለዚህ ቤታችሁ ሣጥኑ ካለ ከሜዳዩ እኩል ጠብቁት። የት እንደተሠራና በግምት በየትኛው ዘመን እንደተሠራ የሚናገረው እርሱ ነው።

ዘንባባ መቁጠር

ወደ ራሳችን አገር ሜዳይ እንምጣ። ጎጃም ውስጥ ከሁሉ የሚከበረው የአርበኞች ሜዳይ ነው። ጠላትን በዱር በገደሉ ለተዋጉ የተሰጠ ነው። በሪባኑ ላይ የዘንባባ ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ የብረት ምልክቶች አሉበት። ሽማግሌዎች «ባለ አምስት ዘንባባ አርበኛ» ሲሉ የምንሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። አንዱ ዘንባባ አንድ የአርበኝነት ዓመትን ይቆጥራል። ከአምስት የማይበልጠውም በምክንያት ነው። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ልክ አምስት ዓመት።

እንግዲህ ዘንባባውን መቁጠር ታሪክ ማንበብ ነው። አምስት ዘንባባ ያለው ሜዳይ ብታገኙ ባለቤቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ እጅ ሳይሰጡ የቆዩ ናቸው። ሦስት ዘንባባ ያለው ብታገኙ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይጣፍጣል። ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ 1930 ዓ.ም. ላይ ትደርሳላችሁ። 1930 ጎጃም በሙሉ የተነሣበት ዓመት ነው። አስቀድሞ በ1929 የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋና የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እልቂት ሕዝቡን አስቆጥቶት ነበር። በላዩ ላይ ጠላት ገበሬውን መሣሪያህን አምጣ ብሎ ያዘው። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃውን አስረክብ መባል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በዚያ ዓመት ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በበረንታና በቢቸና በኩል ደግሞ በላይ ዘለቀ አገሩን አስነሡት፤ ጠላትም በምሽጉ ውስጥ ተከትቶ መዋል ጀመረ። ስለዚህ በአያታችሁ ሜዳይ ላይ ሦስት ዘንባባ ካለ፣ ምናልባት ከዚያ ከ1930ው ገበሬ አንዱ ናቸው። ከማን ጋር ወጡ? የየትኛው መሪ ተከታይ ነበሩ? ሜዳዩ ጥያቄውን ይሰጣችኋል፤ መልሱን የሚሰጡት ግን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው።

የመጨረሻዎቹ ወራት ውጊያ የተካሄደው በዚሁ በአካባቢያችን ነው። በነሐሴ 1932 ብሪታንያዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከሱዳን ወደ ጎጃም ገብተው ሰከላ አካባቢ ሰፈሩ፤ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ በጠላት ላይ እንዲተባበሩም አግባቡ። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ በኡም ኢድላ በኩል የአገራቸውን መሬት ረገጡ። ከዚያ በበላያ ተራራ በኩል ኮሎኔል ዊንጌት የሚመሩት የጌዴዎን ጦር ተሻገረ። ወደ 800 የሚሆኑ የሱዳን ወታደሮችና ወደ 800 የሚሆኑ የ2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ወታደሮች ነበሩበት፤ የብሪታንያ መኮንኖቹ ወደ 50 ይሆናሉ። ይህ ጦር ብቻውን ቢሆን ኖሮ በሺህ የሚቆጠር የጠላት ኃይል ከየምሽጉ ባልወጣ ነበር። ዙሪያውን የከበበው፣ መንገድ የሚያሳየው፣ ስንቅ የሚያቀብለው፣ ወሬ የሚያደርሰው አርበኛና ገበሬ ነበር።

በየካቲት 1933 ዳንግላ የነበረው የጠላት ጦር ምሽጉን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ። ዛሬ ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ዱርቤቴን አልፎ ነው የሚሄደው። በቡሬ የነበረው የኮሎኔል ናታሌ ጦር የካቲት 25 ቡሬን ለቀቀ። ሁለት ቀን ቆይቶ በደንበጫ አቅራቢያ ቻራቃ ወንዝ ላይ፣ እያፈገፈገ የሚሄደው ብዙ ጦር ከፊት ለፊቱ ቀድሞ ከነበረው ከ2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተጋጠመ። ከስደት ተሰብስበው ሱዳን ውስጥ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን፣ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን ኃይል የተቋቋሙበት ውጊያ ነው። ደብረ ማርቆስ በመጋቢት መጨረሻ ነፃ ወጣች። ከቡሬ፣ ከማንኩሳ፣ ከደንበጫ አካባቢ የሆናችሁ ሰዎች «አያቴ ቻራቃ ላይ ነበሩ» የሚል ቃል በቤታችሁ ካለ፣ ዛሬውኑ ጻፉት።

የተቃራኒው ወገን ሜዳይ

ጦርነት ሁለት ወገን አለው፤ ሜዳዩም እንዲሁ። የራሳችንን ብቻ ብናይ የታሪኩን ግማሽ እናጣለን። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ለዘመቱት ወታደሮቿ እ.ኤ.አ. በ1936 የዘመቻ ሜዳይ አውጥታለች። በጎጃም ከኛ ጋር የተሰለፈችው ብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 «የአፍሪካ ኮከብ» የተባለውን አወጣች። ይህ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ነው። ሪባኑ በመደቡ አሸዋማ ሆኖ በመካከል ቀይ፣ በግራና በቀኝ ጠቆር ያለና ፈካ ያለ ሰማያዊ ሰረዝ አለው። አሸዋማው በረሃውን፣ ቀዩ የምድር ጦሩን፣ ጠቆር ያለው ሰማያዊ ባሕር ኃይሉን፣ ፈካ ያለው አየር ኃይሉን ያመለክታል። በጎጃም የተዋጋ የብሪታንያ ወታደርም ይህን ኮከብ ያገኛል። ሪባኑ በረሃውን ስለሚያሳይ ብቻ ሰሜን አፍሪካ የዋለ ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ የኛን ደጋ የወጣም አለ።

ከሁሉ ይበልጥ እንድታውቁት የምፈልገው ግን ከዚያ የቀደመ ሌላ ሜዳይ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የብሪታንያ መንግሥት ለጄኔራል ናፒየር ወታደሮች ሜዳይ አወጣ። ወደ 14,000 ያህል ተሠርቷል። በፊቱ መካከል የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል አለ። ምስሉን ዘጠኝ ጨረር ያለው ኮከብ ይከብበዋል፤ በጨረሮቹ መካከል ባሉት ዘጠኝ ክፍተቶች ውስጥ የውጭ ሰዎች ለአገራችን የሰጡት አቢሲኒያ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንድ በአንድ ተቀምጧል። በላዩ ትንሽ ዘውድ አለ። ሪባኑ ነጭ ሆኖ መካከሉ ሰፊ ቀይ ነው። አሁን ገልብጡት። በጀርባው በአክሊል ቅጠል መካከል የተቀባዩ ወታደር ስምና ክፍለ ጦር በጎላ ፊደል ከብረቱ ወጥቶ ይታያል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መሥራት ስለሚያስፈልግ ውድና አድካሚ ሥራ ነበር፤ ሆኖም አደረጉት።

ይህ ምን ይነግረናል? መቅደላን የዘረፈው ጦር ተራ ወታደር ዛሬም በስሙ ይጠራል። የልጅ ልጁ ሜዳዩን አንሥቶ፣ ስሙን አንብቦ፣ የክፍለ ጦሩን መዝገብ ገልጦ ታሪኩን ማግኘት ይችላል። የኛ የአርበኞች ሜዳይ ግን እንደ አብዛኞቹ ሜዳዮቻችን የባለቤቱ ስም አልተቀረጸበትም። የበረንታውም፣ የአቸፈሩም፣ የሸዋውም አርበኛ ሜዳይ አንድ ዓይነት ነው። ከሣጥኑ ወጥቶ ገበያ ላይ አንድ ቀን ካደረ የማን እንደነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ስሙን የያዘው ብረቱ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ።

ኮሪያ የዘመቱት

ሌላው በየቤቱ የሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች ሜዳይ ነው። በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ወታደሮቹ ከክብር ዘበኛ የተመረጡ ሲሆኑ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። የተማረከባቸው አንድም ሰው የለም፤ ይህንንም ዓለም ያውቀዋል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለዚያ ጦርነት የሰጠው ሜዳይ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ሰረዞች የሚፈራረቁበት ነው፤ ሰረዞቹ ሲቆጠሩ 17 ናቸው። በፊቱ የድርጅቱ ዓርማ፣ ዓለም በወይራ ቅርንጫፍ ተከብባ ትታያለች። ልዩ የሚያደርገው ጽሑፉ ነው። ድርጅቱ ሜዳዩን በዘማቾቹ አገሮች ቋንቋዎች ስላስቀረጸ፣ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በፊደላችን የተጻፈ ነው። የድርጅቱን ቻርተር መርሆች ለመከላከል ለተፈጸመ አገልግሎት የተሰጠ መሆኑን ጀርባው ይናገራል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሜዳይ ሰብሳቢዎች ይህን የአማርኛውን ሜዳይ አጥብቀው ይፈልጉታል፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር የተሠራው ጥቂት ነው። ስለዚህም የሚገዛችሁ አይጠፋም። ያም ሆኖ፣ የዘማቹን ስም፣ ማዕረግ፣ የዘመተበትን ሻለቃና የምስክር ወረቀቱን ካላያያዛችሁት በስተቀር፣ ያው እንደ አርበኞቹ ሜዳይ ዝም ያለ ብረት ይሆናል።

ጀርመኖች ያዩት ፈተና

ስለ ሜዳይ አሰባሰብ ሲነሣ ዓለም ብዙ ያወራው ስለ ጀርመን የብረት መስቀል ነው፤ ከእነርሱ የምንማረው አለ። የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ መስቀሉን እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1813 በናፖሊዮን ላይ በተነሣው ጦርነት መሠረተ። ንድፉን ያወጣው ታላቁ የሕንፃ ባለሙያ ካርል ፍሪድሪሽ ሺንክል ነው። ከጥቁር ብረት ተሠርቶ ዙሪያው በብር ተከፈፈ። ብረት የተመረጠው አገሪቱ ስለተቸገረች ነው፤ በዚያው ወራት ሴቶች የወርቅ ጌጣቸውን ለጦርነቱ ሰጥተው በምትኩ የብረት ቀለበት ያደርጉ ነበር። ከዚያ በፊት ኒሻን የሚያገኘው መኳንንቱ ነበር። ይህ መስቀል ግን ለጄኔራሉም ለተራ ወታደሩም በአንድ ዓይነት ተሰጠ። ትልቁ ክብሩ በዚህ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ያሳዝናል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሁለተኛው ደረጃ መስቀል ወደ 5 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ታደለ። ሲበዛ ክብሩ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1939 ናዚዎች በመካከሉ የራሳቸውን ምልክት አኖሩበት፤ ለአገሩ የተዋጋ ወታደርና በሕዝብ እልቂት የተባበረ ሰው አንድ ዓይነት መስቀል አደረጉ። ከጦርነቱ በኋላ የምዕራብ ጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1957 ሕግ አወጣ። አሮጌው ወታደር መስቀሉን ማድረግ ይችላል፤ የናዚው ምልክት ከላዩ የወጣለትን ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2008 አገሪቱ ለወታደሮቿ የጀግንነት ሽልማት ባስፈለጋት ጊዜም የጥንቱን የብረት መስቀል አልመለሰችም፤ አዲስ አወጣች። 

ሜዳይ ከታሪኩ ሲለይ ሁለት አደጋ እንደሚመጣ በዚህ ይታያል። አንደኛው ክፉ ሥራ በክብር ምልክት መሸፈኑ ነው። ሁለተኛው ሐሰተኛ መብዛቱ ነው። የ1939ኙ መስቀል በገበያ ተፈላጊ ስለሆነ አስመስሎ የሚሠራው ሞልቷል። እውነተኛው ብዙውን ጊዜ በሦስት ክፍል የተገጠመ ነው፤ መካከሉ ብረት ስለሆነ ማግኔት ይስበዋል፤ የብሩ ክፈፍ የተገጠመበት መስመር በጥንቃቄ ሲታይ ይለያል። ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ ቀልጦ የፈሰሰ፣ ማግኔት የማይስበው ነው። ግን አዋቂ ሰብሳቢ በማግኔት ብቻ አያምንም። የሽልማት ወረቀቱን፣ የወታደሩን የአገልግሎት ደብተር፣ ፎቶግራፉን ይጠይቃል። ከወረቀቱ ጋር ያለ መስቀልና ብቻውን የሚዞር መስቀል በዋጋም በክብርም እኩል አይደሉም።

የኛም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ባንዳ የሆነ ነበር፤ ባንዳ ሆኖ ቆይቶ ወደ ዱር የወጣም ነበር። ከጠላት የተቀበለውን ሜዳይ የጣለም፣ የደበቀም ይኖራል። በሣጥናችሁ ያለው የጣሊያን ሜዳይ ከሆነ አትጣሉት፤ አትደብቁትም። ከጠላት ሬሳ የተወሰደ ምርኮ ሊሆን ይችላል፤ የተሰጠም ሊሆን ይችላል። የምታውቁትን በእውነት ጻፉት። የልጅ ልጅ በአያቱ ሥራ አይፈረድበትም። እውነቱን ያልጻፈ ሰው ግን የአገሩን ታሪክ ያጎድላል።

ሜዳይ ያላገኙ ጀግኖች

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሜዳይ የሚሰጠው ምስክር ላለው ነው። የውስጥ አርበኛ ሥራው ስውር ነበር፤ በቀን ከጠላት ቢሮ ይውላል፣ በማታ ወሬና ጥይት ያቀብላል። ሥራውን የሚያውቁት ሁለትና ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑና እነርሱም ከሞቱ ማን ይመሰክርለታል? ሌሊት ጤፍ ፈጭታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ስንቅ ተሸክማ ጫካ ያደረሰች እናትስ? ቁስለኛ በጎተራ የደበቀች፣ ቤቷ የተቃጠለባት፣ ከብቷ የተነዳባት? የቄሱ፣ የእረኛው፣ የመንገድ መሪው ሥራ በማን ደረት ላይ ይታያል? የጎጃም ነፃነት የመጣው በእነዚህም ነው። ስለዚህ ሜዳይ ያለበትን ቤት ብቻ እየፈለግን ታሪክ ብንጽፍ የታሪኩን እኩሌታ እንተወዋለን። ሜዳዩ በር መክፈቻ ይሁነን። «ይህን ሜዳይ ያገኙት አያታችሁ ስንቃቸውን ማን ያቀብላቸው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ ሌላ ስም ይወጣል።

ስለ መሸጥ

አንዳንዱ ቤተሰብ ሲቸግረው ሜዳዩን አውጥቶ ይሸጣል። ችግርን አልወቅስም። ነገር ግን የገዛው ሰው ለሌላ ይሸጣል፤ ያም ከአገር ያወጣዋል። የአገራችን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ቅርስ የያዘ ሰውም እንዲያስመዘግብ ያዝዛል። ከአገር የወጣ ዕቃ መመለሻው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከመቅደላ ቅርሶች አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ቀርበው የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ከሽያጭ ተነሥተው ለኢትዮጵያ ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ለጨረታ ቀርቦ የነበረ የመቅደላ ጋሻም በኢትዮጵያ ጥያቄ ታግዶ፣ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ። እነዚህ የተመለሱት ከየት እንደተወሰዱ ስለሚታወቅ ነው። ስም የሌለው የአርበኛ ሜዳይ ለንደን ገበያ ላይ ቢወጣ «ይህ የአቸፈሩ የእገሌ ነው» ብሎ ሊከራከር የሚችል ማን አለ?

ለመሰብሰብ ፍቅሩ ያላችሁ ወጣቶችም አላችሁ። መልካም ፍቅር ነው። ግን መጀመሪያ የምትሰበስቡት ፎቶና ቃል ይሁን። ሜዳዩ በባለቤቱ ቤት ይቆይ። የሃምሳ ቤት ሜዳይ በፎቶና በጽሑፍ የያዘ ወጣት፣ ሃምሳ ሜዳይ ገዝቶ በመስታወት ሣጥን ከደረደረ ሀብታም ይልቅ ለአገሩ የሚበልጥ ስብስብ አለው።

እንዴት ይያዝ

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ፣ አትወልውሉት። ለማንጻት ብላችሁ በሎሚና በአመድ ብታሹት ቀለሙና ጥቃቅኑ ቅርጽ ይፋቃል። ከጊዜ ብዛት የያዘው ጥቁረት የዕድሜው ምስክር ነው። ሪባኑም ቢያረጅ በአዲስ አትለውጡት፤ ዘንባባውንም አትንቀሉ። በደረቅ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እርጥበትና ጭስ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ላስቲክ እርጥበት ያፍናል።

ሁለተኛ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን፣ ሪባኑን ከነዘንባባው። የሽልማት ወረቀት ካለ እርሱንም አንሡ፤ ዋናውን ከሜዳዩ ለይታችሁ በደረቅ ቦታ አኑሩት፤ ቅጂ ይውጣለት።

ሦስተኛና ዋናው ጽሑፉ ነው። የአርበኛው ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው። አጥቢያቸው። የፈረስ ስም ከነበራቸው የፈረስ ስማቸው። የተከተሉት መሪ። የዋሉባቸው ቦታዎች። የዘንባባው ብዛት። ፉከራቸውን የሚያስታውስ ሰው ካለ እንዳለ በድምፅ ቅዱት፤ በፉከራ ውስጥ የሰውና የቦታ ስም ይገኛል። በመጨረሻም ይህን ሁሉ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁ ጻፉ። ሁለት ሽማግሌ ሁለት የተለያየ ነገር ቢነግሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትጣሉ። የሚያስታርቀውን የኋላ ሰው ያገኝ ይሆናል።

አራተኛ፣ ጽሑፉ በሦስት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ ቤታችሁ ከሜዳዩ ጋር፤ አንዱ በአካባቢያችሁ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን፤ አንዱ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

መምህራን ሆይ፣ ይህ ለተማሪ የሚሰጥ እውነተኛ የታሪክ የቤት ሥራ ነው። መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ መልስ ያለው የቤት ሥራ። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ልጅ ደብተር ይዞ ሲመጣ «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» አትበሉት። የእናንተ ቃል ከሌለ የእናንተ አባቶች ሜዳይ የማንም ይሆናል።

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ አርበኞችና ልጆቻቸው ጎፈርና ሜዳያቸውን አድርገው የድሉን ቀን ያከብራሉ። ዱርቤቴም በዚያው ቀን የራሷን ታድርግ። እስከ መጪው ሚያዝያ 27 እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ ጽፎ ይምጣ፤ ሜዳይ ያለውም የሌለውም። ገጾቹን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጮክ ብለን እናንብባቸው፤ ስሕተት ያለበትን የሚያውቅ ያርመው፤ ከዚያ በአንድ መዝገብ ጠርዘን የደቡብ አቸፈር የአርበኞች መዝገብ ብለን እናስቀምጠው። የመጀመሪያውን ገጽ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ከዚህ ንግግር በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እጠብቀዋለሁ።